ኦቨን ውስጥ የቀለጠ ፕላስቲክ፦ ደሴ ላይ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት፦ የዕቃው ሁኔታ

ዕቃው የታላቅ እኅቴ ነው። ባለ አራት ምድጃ ስቶቭ ሲሆን ከሥሩ የኤሌክትሪክ ኦቨን አለው። ሬዚስታንሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚግለው ዘንግ፣ ከላይም ከታችም ነው፤ የታችኛው ከወለሉ ላሜራ ሥር ስለተደበቀ አይታይም። ድፎ ዳቦና ብስኩት እየጋገረች ለሱቆች ስለምታስረክብ ኦቨኑ እንጀራዋ ነው።

ሳይጋገርበት ሲውል ግን እንደ ብዙ ቤት ሁሉ ቁም ሳጥን ሆኖ ያገለግላል። መብራት በጠፋበት ምሽት ማዞሪያውን የነካ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ እዚያ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው። መብራቱ ሌሊት መጣ። የኦቨኑ ጠቋሚ አምፖል ከተቃጠለ ስለቆየ ያየ አልነበረም፤ የቀሰቀሳቸው ሽታው ነው።

ውስጡ የነበረው የዳቦ ማቅረቢያ የፕላስቲክ ቅርጫት፣ እርስ በርሱ የተጠቀጠቀ ፌስታልና አንድ ባዶ ሃይላንድ ነው። ቅርጫቱ ፍርግርጉ ላይ ቀልጦ በየሽቦው መካከል ተንጠልጥሎ ደርቋል። ፌስታሉ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ተጣብቋል፤ ከፊሉ የበሩን መስታወት ነክቶ እዚያው ቀርቷል። ሃይላንዱ ተኮማትሮ ጡጫ አክሏል፤ ሲያነሡት ግን ያለ ችግር ተነሣ።

እኔ ከመድረሴ በፊት አንድ ሰው በቢላ ሞክሯል። ወለሉ ላይ የቢላው ጫፍ ባረፈባቸው ቦታዎች ኢናሜሉ ተፈንጥሮ ጥቁሩ ብረት ይታያል። ኢናሜል ማለት በ800 ዲግሪ አካባቢ ብረት ላይ እንዲቀልጥ የተደረገ መስታወት ነው። ሙቀት ይችላል፣ ሳሙና ይችላል፤ የሹል ነገር ምት ግን አይችልም። ከተፈነጠረ መልሶ የሚተካው የለም፣ በዚያ በኩል ዝገት ይገባል። ስለዚህ በዚህ ቤት የመጀመሪያው የጽዳት እርምጃ ቢላውን ወደ ማጠቢያው መመለስ ሆነ። ሁለተኛው ብሬከሩን አውርዶ ስፒናውን መንቀል ነው።

ሰኞ ከሰዓት፦ የትኛው ፕላስቲክ?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው በምን እንደሚጸዳ ነው። ጥያቄው መነሣት ያለበት ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ የቀለጠው ምንድን ነው? አንዱን ፕላስቲክ ከብረት የሚያላቅቀው ብርድ ሌላውን ምንም አያደርገውም።

ከቅርጫቱ ሳይቀልጥ የተረፈ አንድ ቁራጭ ላይ፣ ቀስቶች በሠሩት ሦስት ማዕዘን መካከል 5 ቁጥር ታትሟል። 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የሚቀልጠው ከ160 እስከ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሃይላንዱ 1 ቁጥር ነው፣ ፔት የሚባለው። እሱ ከ75 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ይኮማተራል፤ ለመቅለጥ ግን ወደ 250 ይፈልጋል። ቅርጫቱ ቀልጦ ሃይላንዱ ካልቀለጠ ኦቨኑ ከ165 በላይ፣ ከ250 በታች ነበረ ማለት ነው። ማዞሪያውም የተገኘው 200 ላይ ስለሆነ ይገጥማል። ይህ ለእኛ ደግ ነው፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ እንጂ አልከሰለም።

ፌስታሉ ቁጥር የለውም። ቀጭን ሆኖ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ጠጣሩ ፖሊኤቲሊን ነው፤ በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ለስለስ ያለው ደግሞ ከ105 እስከ 115 ባለው ይሄዳል። እዚህ ሁለቱም ተቀላቅለዋል፤ ለሥራው ልዩነት የላቸውም።

ለማረጋገጥ ከእያንዳንዱ ትንሽ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ጣልኩ። የቅርጫቱም የፌስታሉም ተንሳፈፉ፤ የሃይላንዱ ሰጠመ። ልቤን ያሳረፈው የሁለቱ መንሳፈፍ ነው፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ይሰጥም ነበር። ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ለሳንባም ለብረትም ጠላት ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኅቴን ኦቨኑን እርሺው ብዬ መለመኔ አይቀርም ነበር።

ሰኞ ማታ፦ ቡና ላይ የመጣ ምክር

አቦሉ ሳይጠጣ ዜናው ሰፈሩን አዳርሷል። በረኪና ያለ አለ፣ አቼቶ ያለ አለ፣ ላምባ ያለ አለ። አንዱማ ቤንዚን አለ፤ ኦቨን ውስጥ ቤንዚን ማፍሰስ ለምን እንደማይሆን ለማስረዳት አልሞከርኩም፣ ሲኒዬን አንሥቼ ቦታ ቀየርኩ።

ጎረቤታችን እማማ ግን በቁም ነገር ነው የያዙኝ። “ልጄ፣ በረኪና ድፋበትና አሳድረው። ስንቱን ቆሻሻ የሚበላ ነገር ይህን ያቅተዋል?”

“እማማ፣ በረኪናውን የሚገዙት በምን ዕቃ ነው?”

“በጠርሙሱ ነዋ፣ በፕላስቲኩ።” ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። “እውነትህን ነው። ስንት ወር የተቀመጠበትን ካልበላ ይህንን በምን አንጀቱ ይበላዋል?”

ነገሩ ያ ነው። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን የአሲድና የበረኪና መያዣ የሚሠራባቸው ኬሚካል ስለማይደፍራቸው ነው። አሴቶን የሚያሟሟው 6 ቁጥሩን፣ ፖሊስታይሪንን ነው፤ እነዚህን አይነካም። ኮስቲክ ሶዳ ፕላስቲኩን ትቶ የአሉሚኒየም ትሪውንና የእጅ ቆዳን ይበላል። በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ ከተደፉ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህን ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ የሁለቱ መካሪዎች አጠገብ ለአጠገብ ነበር የተቀመጡት። ቤኪንግ ሶዳ ቅባት ያነሣል፣ ተራው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

አንዳንድ ውድ ኦቨን ራሱን የሚያጸዳበት ቁልፍ አለው፤ እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ሞቆ ቆሻሻውን አመድ ያደርጋል። የእኛው ይህ የለውም። ቢኖረውም ፕላስቲክ ባለበት መንካት አይገባም፣ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል።

እንግዲህ የቀረን ሙቀት፣ ብርድና መፋቅ ነው።

ማክሰኞ፦ ቅርጫቱና ጨው ያለበት በረዶ

የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ፍርግርጉ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሶበታል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፖሊፕሮፒሊን 92 ዲግሪን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የደረሰ ጉዳት የለም፣ የተገኘ ጥቅምም የለም።

የብርዱ ሐሳብ በሁለት ነገር ላይ ይቆማል። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረው ብረት ከሚኮማተረው አሥር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ከብረቱ ላይ መላቀቅ ይጀምራል። በዚያ ላይ ፖሊፕሮፒሊን ወደ ዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ ልስላሴው ጠፍቶ ተሰባሪ ይሆናል።

ፍርግርጉ ለፍሪጁ ስለሰፋ የጦሳ ተራራን ብርድ አምኜ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ አሳድሬዋለሁ። ጠዋት ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ ፕላስቲኩ ግን በእንጨት ስንመታው ጠብታ ጠብታ ሆኖ የደረቀው ብቻ ረገፈ። የደሴ ኅዳር ሰውን ያንቀጠቅጣል እንጂ ለዚህ ሥራ አልደረሰም።

ቀጥሎ ከጎረቤት ካፌ በረዶ ለምነን በመዶሻ አደቀቅነው፤ ጨው ቀላቅለን በጨርቅ ጠቅልለን ፕላስቲኩ ላይ አሰርነው። ጨው የገባበት በረዶ ከዜሮ በታች ከአሥር ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ወደ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በመዶሻው የእንጨት እጀታ ሲመታ እንደ ቆሎ ተፈነጣጠረ። ዓይን መሸፈን ያስፈልጋል። እኛ የነበረን የፀሐይ መነጽር ነው፤ ልጁ የእናቱን አድርጎ ሲሠራ የሰፈሩ ልጆች ሊያዩት ተሰብስበው ነበር።

አስቸጋሪው ሽቦውን ዙሪያውን ከቦ የያዘው ክፍል ነው። እዚህ ብርድ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ፕላስቲኩ ሲኮማተር ሽቦውን ይበልጥ ያንቀዋል። መፍትሔው ከማቀዝቀዙ በፊት በብረት መጋዝ ምላጭ በርዝመቱ መሰንጠቅ ነው፤ ሽቦው ጋ ሳይደርሱ ማቆም። ስንጥቁ ካለ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይከፈታል። በዚህ መንገድ አብዛኛው ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ጨዉ እዚያው እንዳያድር። የፍርግርጉ ሽቦ ልባስ ስስ ስለሆነ ጨው ከቆየበት ይዝጋል። በሙቅ ውሃና በላርጎ ታጥቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ ተሰጣ።

ወጪ፦ ጨው 40 ብር። በረዶው በምርቃት።

ረቡዕ፦ ፌስታሉ

በቅርጫቱ ስለቀናን ያንኑ በወለሉ ላይ ሞከርን። በረዶውን በላስቲክ ቋጥረን ትሪ ላይ አድርገን አስቀመጥነው፤ ኢናሜሉ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጠን ነው፣ በሞቀ መስታወት ላይ በረዶ ማስቀመጥ ያሰነጥቀዋል። ወፈር ብሎ የተከመረው ጠርዙ ተነሣ፣ እየተላጠም ወጣ። ስሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ፖሊኤቲሊን ተሰባሪ የሚሆነው የእኛ በረዶ በጭራሽ በማይደርስበት ብርድ ስለሆነ ቢቀዘቅዝም ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ለቅርጫቱ የሠራው ለፌስታሉ አልሠራም።

ስለዚህ ሙቀት። መስኮትና በር ተከፈተ፣ ልጆች ወጡ። የታችኛው ሬዚስታንስ ከወለሉ ሥር ስለሆነ ወለሉን ከሚፈለገው በላይ ያግለዋል፤ የተጠቀምነው የላይኛውን ብቻ ነው፣ 100 ዲግሪ አካባቢ። ፕላስቲኩ በእንጨት ሲነካ መስመጥ ሲጀምር ማዞሪያው ይዘጋል፣ ብሬከሩም ይወርዳል፤ እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ ያለው ሬዚስታንስ ከእጅ በላይ በጣት ርቀት ላይ ነው፤ ቸኩሎ የገባ ሰው አንዴ ካቃጠለው ሁለተኛ አይረሳም።

መፋቂያው ከፍራፍሬ ሣጥን የተሰበረ ጣውላ ነው፤ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጧል። የቀለም ሠራተኞች የብረት ስፓቱላም ነበረ፣ ግን ማዕዘኑ ኢናሜል ይበላል ብዬ አስቀመጥኩት። የቆዳ ጓንት ግድ ነው። የላስቲክ ጓንት ቢቀልጥ ሌላ ማስታወሻ መክፈት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ወደ ውጭ ወደ ውጭ ስንፍቀው ቀጥኖ እየተቀባ ሄደ፤ የጸዳ የሚመስለው ቦታ ሁሉ በስሱ ተለበጠ። ቀጥሎ ከጠርዝ ወደ መሀል እየጠቀለልን ሰበሰብነው። የለሰለሰ ፕላስቲክ ከኢናሜል ይልቅ የራሱን ዓይነት አጥብቆ ይይዛል፤ አንድ ድቡልቡል ከተሠራ እሱኑ እየጫኑ ማንሣት ሌላውን እያስከተለ ይመጣል። ጊዜው አጭር ነው፤ ከቀዘቀዘ መልሶ ማሞቅ ነው።

ለቀረው ስስ ልባስ እኅቴ ያመጣችው አቡጀዴ ከሁሉም በለጠ። ያረጀ የሊጥ መሸፈኛ ነበር። ልባሱ ለስልሶ እያለ ጨርቁን አንጥፎ በጣውላ መጫን፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መተው፣ ከዚያ ከአንድ ጥግ ይዞ መላጥ። ፕላስቲኩ በክሩ መካከል ገብቶ ስለሚደርቅ ከኢናሜሉ ይልቅ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል። አቡጀዴው ካለቀ በኋላ ያረጀ አንሶላ ተቀደደ። ናይሎን ያለበት ጨርቅ አይሆንም፣ ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት።

በወለሉ ዳር ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ተደፍነዋል። በጥርስ መጎርጎሪያ ስነካው ወደ ውስጥ የወረደ ይመስላል። ይታያል።

ሐሙስ፦ ምላጭ

የበሩ መስታወት በምላጭ ጸዳ። መስታወቱ ቀዝቃዛ፣ ውሃና ላርጎ የበዛበት፣ ምላጩ ወደ መተኛት ያዘነበለ ይሁን። ቀና ካለ ይጭራል፤ የኦቨን በር ጠንካራ ሆኖ የተሠራ መስታወት ስለሆነ ጠርዙ ላይ የተጫረ እንደሆነ ሌላ ቀን ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እዚህ አልገባም። ወለሉ ላይ የቀሩ ነጠብጣቦችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ማታ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ተለውሶ ግድግዳው ላይ ተቀባ፣ አደረ፤ ጠዋት ሲጠረግ የብዙ ዓመት የዘይት ቡናማ ይዞ ወጣ። ይህኛው ከፕላስቲኩ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ግን እኅቴን ከሁሉ በላይ ያስደሰታት እሱ ነው።

ወጪ፦ ምላጭ 60፣ ሶዳ 120 ብር።

ዓርብ፦ የመጀመሪያው ሙከራ

ኦቨኑ አዲስ መስሏል። ለቅዳሜ የማኅበር ድፎ ዳቦ ትእዛዝ አለ።

“በቃ ጸዳ አይደል? ሊጡን ላቡካ?”

“እትዬ፣ ባዶውን ሳናሞቀው አይሆንም።”

“አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ።”

100 ላይ ምንም የለም። 150 ላይ ቀለል ያለ ሽታ። 180ን እንዳለፈ ከወለሉ ዳር ነጣ ያለ ጭስ መውጣት ጀመረ፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ፖሊኤቲሊን አየር ባለበት ሲግል አክሮሊንና ፎርማልዴሃይድ የመሳሰሉ ነገሮች ይወጣሉ፤ የሚያቃጥሉት እነሱ ናቸው። ይህ ጭስ ባለበት የተጋገረ ዳቦ ለማኅበርተኛ አይሰጥም። ጠፋ፣ ተዘጋ፣ ቤቱ ተናፈሰ። ሊጡ የከሰል ምድጃ ወዳለው ጎረቤት ሄዶ በሸክላ ምጣድ ተጋገረ፤ እኅቴ እስከ ማታ አላናገረችኝም።

ጭሱ የመጣው ከተደፈኑት ቀዳዳዎች ነው። ላዩ ጸዳ እንጂ ኦቨኑ አልጸዳም።

ቅዳሜ፦ ወለሉ ሲነሣ

የወለሉ ላሜራ ከኋላ በኩል በብሎን ተይዟል። ብሎኖቹ በሙቀት ስለያዙ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎባቸው ከቆዩ በኋላ በካቻቢቴ ተፈቱ። ላሜራው ወደ ፊት ተስቦ ወጣ።

ዋናው ጉድ እዚህ ነበር። ፕላስቲኩ በቀዳዳዎቹ ወርዶ በሬዚስታንሱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ከስሏል፤ የተረፈው ከሥሩ ባለው ላሜራ ላይ ረግቷል። የላሜራው በረቡዕ ዘዴ በቀላሉ ተነሣ። ሬዚስታንሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጭ የሚታየው የብረት ቱቦ ነው፤ በመሀሉ የሚግለው የኒክሮም ሽቦ አለ፤ ሽቦውን ከቱቦው የሚለየው የታመቀ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ቱቦው ከተመታ ወይም ከተጣመመ ሽቦው ወደ ብረቱ ሊጠጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስቶቩ ይነዝራል። ስለዚህ በብረት አይፋቅም፣ በመዶሻ አይነካም።

ገመዶቹ ከመፈታታቸው በፊት በስልክ ፎቶ ተነሡ። ሬዚስታንሱ ወደ ግቢ ወጥቶ ከከሰል ምድጃ በላይ ከፍ ተደርጎ ሞቀ፤ ሲለሰልስ በጥጥ ጨርቅ ተጠረገ። ጫፎቹ፣ ገመድ የሚታሰርባቸው፣ ከሙቀቱ ውጭ ነበሩ። ከስሎ የቀረው ጥቁር እድፍ ተትቷል፣ መልኩ እንጂ ጉዳቱ የለም።

በተስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ተለካ፦ 41 ኦም። ቱቦው ላይ የተጻፈው 1200 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 1200 ዋት ለማውጣት 40 ኦም ገደማ ይፈልጋል። ሽቦው ደህና ነው። ከጫፉ ወደ ቱቦው ሲለካ ተስተሩ ምንም አላሳየም፤ ወደ ቱቦው የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ነው፣ መሆን የሚገባውም ይኸው ነው።

ተስተሩን ላስቀምጥ ገብቼ ስወጣ የእኅቴ ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ ሬዚስታንሱን በቧንቧ ውሃ በኦሞ አጥቦታል። እንዴት እንዳብረቀረቀ በደስታ አሳየኝ። እንደገና ስለካው ከጫፉ ወደ ቱቦው አንድ ሜጋ ኦም እንኳ አልሞላም። ማግኒዚየም ኦክሳይድ እርጥበት ይመጥጣል፤ ውሃ በጫፎቹ ከገባ መከላከሉ ይቀንሳል። እንዲህ ሆኖ ቢገጠም፣ የመሬት መስመር በሌለው ቤት፣ የስቶቩን አካል የነካ ሰው ይነዘራል። ልጁን አልተቆጣሁም፤ የጽዳት ሰሞን ላይ ውሃ አትንካ ያለው አልነበረም።

ፀሐይ ላይ ዋለ። በማግሥቱ ከከሰል በላይ ርቀት ላይ ለረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ ሞቀ፤ እርጥበቱ በጫፎቹ እንዲወጣ ከመሀል ወደ ዳር ነው። ተስተሩ መልሶ ምንም አላሳየም።

ሰኞ፦ ወደ ኮምቦልቻ

ተስተሩ ምንም አላሳየም ማለት ግን የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። ተስተር የሚለካው በባትሪው ጥቂት ቮልት ነው፤ በዚያ የማይታይ ልቀት በ220 ሊታይ ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ ሜገር ነው፣ 500 ቮልት አድርጎ የሚፈትን። ኮምቦልቻ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ የማውቃቸው ባለሙያ አሉ። ሬዚስታንሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ወረድኩ።

“ይህን ይዘህ ከደሴ ድረስ? አዲስ አትገዛም?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ አዲሱ 1,800 ብር ተብሏል።”

“እንግዲያው አምጣው።” ለኩት፣ አለፈ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ጠቋሚ አምፖሉን ግን ከእሳቸው ጎን ካለው ሱቅ በ80 ብር ገዛሁ። ደሴ ፒያሳ ብዙ ፈልጌ ያጣሁት ነው።

ማክሰኞ፦ መግጠምና ደረጃ በደረጃ ማሞቅ

በፎቶው መሠረት ታሰረ። የላሉ መያዣ ብሎኖች ጠበቁ፤ የላላ ማሰሪያ ይግላል፣ ገመዱንም ያቃጥላል። ጠቋሚው አምፖል ገባ፣ በራ።

ማሞቁ በ100፣ በ150፣ በ200፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው 250፤ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት ያህል። 200 ላይ ከሬዚስታንሱ እድፍ ትንሽ ጭስ ወጥቶ ቆመ። 250 ላይ የጋለ ብረት ሽታ ብቻ ቀረ።

የበሩ ጎማ ግን አላማረኝም። በታች በኩል ደርቋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ቁራጭ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ። ከላይና ከጎን ወረቀቱ ይያዛል፤ ከታች በነፃ ይወጣል። በዚያ በኩል ሙቀት ይሸሻል። አዲስ ጎማ ፒያሳ በ350 ብር ተገኘ፤ ርዝመቱ ስለበለጠ ተቆርጦ ገባ። መጋጠሚያው ወደ ላይ እንዲሆን ያደረግሁት ፈሳሽ ቢፈስ እንዳይገባበት ነው።

የተፈነጠረው ኢናሜል ቀለም አልተቀባም፤ ተራ ቀለም ኦቨን ውስጥ ሌላ ጭስ ነው። ከየጋገራው በኋላ በዘይት የራሰ ጨርቅ በስሱ እንዲታሽ ተነግሯል።

እስካሁን የወጣው ከትራንስፖርት ውጭ 650 ብር ነው። ኦቨኑን ቀይሩ ያሉን ሰዎች የጠሩትን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ፦ ሊጥ

መጀመሪያ የሚጣል ሊጥ ነው የገባው፦ ዱቄት፣ ውሃና ዘይት በዛ ብሎ። ቅባት ሽታ ስለሚይዝ ለምርመራ ይሻላል። በስሎ ሲወጣ እኅቴ ቆርሳ አሸተተች፣ እማማንም አስሸተተች። እማማ ጥቂት አፋቸው ውስጥ ሊያደርጉ ሲሉ ከለከልናቸው። “ያልበላሁትን በምን ልፍረድ?” ብለው ተቆጡ። ሽታ የለውም ተብሎ ተፈረደ፤ ተጣለ።

ቀጥሎ በኮባ የተጠቀለለ ድፎ ገባ። ላዩ ጥሩ ቀለም ያዘ። ሥሩ ከወትሮው ነጣ ብሏል። ሬዚስታንሱ እኩል መጋሉን አይቻለሁ፤ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ኦቨኑን በልኩ የሚያጠፋና የሚያበራው ቴርሞስታት ሙቀት የሚያነብበት ቀጭን የመዳብ ዘንግ ከግድግዳው መያዣ ወጥቶ ወደ ላይኛው ሬዚስታንስ ተጠግቷል፤ ምናልባት ሐሙስ ግድግዳው ሲጠረግ ተገፍቷል። ቶሎ ስለሚሞቅ ቴርሞስታቱ ቀድሞ ያጠፋል፣ ሥሩ ሳይደርስ። ዘንጉ ወደ መያዣው ተመልሷል። ነገ በሚገባው ድፎ ፍርግርጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይሞከራል፤ ሥሩ አሁንም ከነጣ ቴርሞስታቱ ራሱ ይፈተሻል።